የቀኝ መስመር ተመላላሹ

በረኛ ሆኜ መጫወት ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ከዚያ ውስጥ አሥራ አራቱን ያሳለፍኩት አንድ ሰው በመሳደብ ነው። ሰውየው የእህቴ ባል ነው፤ ስድቡ ግን ጋብቻውን ይቀድማል።

ወደ ቡድናችን ሲመጣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ከአባቱ ብረታ ብረት ቤት በቀጥታ የመጣ፣ ክንዱን የብየዳ ፍንጣሪ ያዥጎረጎረው፣ አንገተ አጭር፣ ጭኑ የሌላውን ሰው ወገብ የሚያህል ልጅ። የተቀጠረው በቀኝ በኩል እንዲከላከል ነው። በኛ ሙያ ቦታው የመስመር ተመላላሽ ይባላል። አጥቂ ሲመጣብህ ትከላከላለህ፣ ፊት ለፊትህ ሜዳው ከተከፈተ ትሄዳለህ፣ ከዚያ ደግሞ ትመለሳለህ። ይሄ ልጅ መሄዱን አሳምሮ ያውቃል። መመለስ የሚባል ነገር መኖሩን ግን የነገረው ሰው ያለ አይመስልም ነበር።

የመጀመሪያ ጨዋታው ስድስተኛ ደቂቃ ላይ የባላጋራን አጥቂ ሸርተቴ ወርዶ ኳሱን ነጠቀው፤ ሁለቱም ተያይዘው የማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር ገቡ። አጥቂው ገና ትንፋሹን ሲፈልግ የኛው ልጅ ተነስቶ ኳሷን እየገፋ ሄዷል። ሦስት ሰው አለፈ፣ መታ፣ ኳሷ በአግዳሚው ላይ ሄደች። በረኛቸው ፈጥኖ ለቀቃት። ቀኜን ዞር ብዬ ባይ ማንም የለም። ሁለት አጥቂ መጣብኝና ገባብኝ።

በእረፍት ሰዓት መልበሻ ክፍል ውስጥ ኮሌታውን ያዝኩት። የት ነበርክ ብዬ ጮህኩበት። እሱ እቴ፣ ጥያቄው ራሱ ገርሞት፣ ጎሉ ጋ ነዋ አለኝ። የኛ ጎል በዚህ በኩል ነው አልኩት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እኔ ግን አልሳቅኩም። ተናድጄ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እስካሁንም ትንሽ አለብኝ።

ደጋፊው ጥድፌ ብሎ ስም አወጣለት። የሚያሳፍር ስም አይደለም፤ ሰውየውን ነው። ቆሞ ይበላል፣ አውቶቡስ ሳይቆም ይወርዳል፣ ቀልድ ሲያወራ ከመጨረሻው ይጀምራል። የሜዳ ላይ ጥድፊያውን ለማስተው አምስት አሰልጣኝ ሞክሯል። አንደኛው ልምምድ ላይ የመሀል ሜዳውን መስመር ከዳር እስከ ዳር በገመድ አጠረው። ጥድፌ ገመዱን በደረቱ ይዞት ሄደ፤ ችካሎቹ ተነቅለው ተከተሉት።

በሦስተኛው ዓመት ይመስለኛል፣ ከሜዳችን ውጪ አራት ለአንድ ተሸንፈን በአውቶቡስ ስንመለስ አጠገቡ ተቀመጥኩ። መሳደብ ደክሞኝ ነበር። አትሂድ አልልህም፣ ብልህም አትሰማም፤ ስትሄድ ግን ቢያንስ ንገረኝ አልኩት። አሰብ አደረገና ጥሩ ሐሳብ ነው አለ። እንግዲህ ከሦስት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሊሄድ ሲል ግራ እጁን ያነሳል። ዞሮ አያየኝም፣ እጁን ብቻ ብድግ። እኔ እጁን ሳይ ጎሌን ትቼ እወጣለሁ፤ ጥሎት የሄደውን ቦታ ግማሹን እኔ እይዛለሁ። ከኋላው የሚጣለውን ኳስ ሁሉ በእግሬ እየደረስኩ አወጣለሁ። እጁ ልሂድ ወይ ብሎ አይጠይቅም፤ ሄጃለሁ ነው የሚለው። ለአሰልጣኞቹ አልነገርንም፤ ከነገርን እንደሚከለክሉን እናውቃለን። ጋዜጠኞቹ ከጎሉ መውጣት የማይፈራ ደፋር በረኛ እያሉ ይጽፉልኝ ነበር። እኔ ውሻ ሲጮህ መንገድ የምሻገር ሰው ነኝ። ድፍረቱ የእጁ ነው።

እህቴን ያገኛት በኔው ጥፋት ነው። አንድ ቀን በሱ ምክንያት ሁለት ጎል ገብቶብኝ ስላኮረፍኩት፣ ይቅርታ ሊጠይቀኝ ቤታችን ድረስ መጣ፤ በሩን የከፈተችው እሷ ናት። ፋርማሲ ነው የምትሠራው፤ ሰው ገና አፉን ሳይከፍት የት ጋ እንደሚያመው ታውቃለች። እኔ ጓዳ ተቀምጬ ይቅርታውን ብጠብቅ ብጠብቅ የለም። ወጥቼ ሳይ በረንዳው ላይ ቆሞ ያስቃታል። እንደ ልማዱ አልዘገየም፤ በዓመቱ አማቼ ሆነ። ከዚያ በኋላ የኔ ችግር ለሁለት ተከፈለ፤ እሷ ሜዳ ስትመጣ ግማሹን ሰዓት ሂድ፣ ግማሹን ሰዓት ተመለስ እያለች ድምጿ ተዘግቶ ትመለሳለች።

ደግ ዓመታት ነበሩ። አንድ ዓመት ዘጠኝ ጎል አስቆጠረ፤ አጥቂዎቻችን ሁለቱ ተደምረው አልደረሱበትም። ቢጫ ካርዱንም እንደዚሁ በሽ በሽ ሰበሰበ። ለብሔራዊ ቡድን አንድ ጊዜ ተጠርቶ ሁለቱንም ጨዋታ ተቀያሪ ወንበር ላይ ጨረሰው። የዚያ አሰልጣኝ አጥቂ ሞልቶኛል፣ የምፈልገው ተከላካይ ነው ብሎት ነበር። ሲመለስ እኔ ዘንድ መጣና ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጭ ብሎ ሲበላ አየሁት። ምን ኃጢአት አለው አለኝ። ኳሱን ከነጠቀ በኋላ ለሌላ ሰጥቶ መቆም፣ ራሱ በበየደው በር ሌላ ሰው ሲገባ ቆሞ እንደማየት ይሆንበታል። ሌላ ጊዜ ቢሆን አሾፍበት ነበር። ያን ዕለት አሳዘነኝ፤ ምግቡን ወደሱ ገፋሁለት።

ጉልበቱ መታመም የጀመረው ሠላሳ ዓመቱ ላይ ነው። አንዴ ተቀደደ፣ ተሰፋ፤ ደገመው፣ ደገሙለት። ሠላሳ ሦስት ሲሞላው እህቴ ፋርማሲው ጀርባ መድኃኒት የሚደረደርበት ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገባችኝና በሩን ዘጋች። ጠዋት ጠዋት ፎቁን የሚወርደው የኋሊት ነው አለችኝ። የብረት መደገፊያውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ጎረቤት ሳይነሳ፣ አንድ አንድ ደረጃ። ሐኪሙ እንደዚህ እየሮጥክ ከቀጠልክ በአርባ ዓመትህ በከዘራ ነው የምትሄደው ብሎታል። ለኔ አንድም ቀን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።

“ወንድምዬ፣ አንተን ይሰማሃል” አለችኝ። “ይብቃህ በለው።”

እሺ አልኳት። አላልኩትም። ከአንዱ ጨዋታ ሌላው፣ ከዛሬ ነገ እያልኩ ዓመቱን ገፋሁት። ሰው ስንት ዓመት ሲሰድበው የኖረውን ጓደኛ ይብቃህ ለማለት ይቸገራል ብላችሁ አታምኑኝም፤ ግን እንደዚያ ነው። ደግሞም ለራሴም ነበር። ያለ እሱ እንዴት እንደምቆም አላውቅም ነበር።

ያ ዓመት ክፉ ነበር። ለመጨረሻው ጨዋታ ስንደርስ ሊጉ ውስጥ ለመቆየት አንድ ነጥብ ያስፈልገናል፤ አቻ ከወጣን ተረፍን፣ ከተሸነፍን ወረድን። በዓመቱ አጋማሽ የመጣው አሰልጣኝ ጨዋታው ሳምንት ሲቀረው ጥድፌንና አምበል ስለሆንኩ እኔን ቢሮው ጠራን። የጥድፌ ውል በወሩ መጨረሻ ያልቃል። አሰልጣኙ ነገሩን ሳያድበሰብስ አስቀመጠው። ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ከመሀል ሜዳው መስመር ሳታልፍ ከተከላከልክልኝ የአንድ ዓመት ውል እፈርምልሃለሁ፤ ካለፍክ ግን እዚህ ሥራ የለህም አለው።

ሌላ ክለብ ያንን ጉልበት እንደማይወስደው ሦስታችንም እናውቃለን። ጥድፌ ደግሞ ያቺን አንድ ዓመት ይፈልጋት ነበር፤ እንዴት እንደሚፈልጋት ለመናገር ይከብደኛል። ልጁ ስድስት ዓመቷ ነው፤ እስካሁን ሜዳ ባመጧት ቁጥር እናቷ ጭን ላይ ትተኛለች። በሚቀጥለው ዓመት ነቅታ ታየኛለች ይለኝ ነበር። አሰልጣኙን ጨበጠውና ተስማማ። ኮሪደሩ ላይ ትችላለህ ወይ ስለው፣ ስንቱን ችዬ አለኝ።

እኔ ደስ ብሎኝ አደርኩ። ከቆመ ጉልበቱ ያርፋል፣ እህቴ ትተኛለች፣ እሱም ዓመቱን ያገኛል። ለእሷም ደውዬ እንደዚያው ነገርኳት። ስለ እጁ ግን አላወራንም፣ እሱም እኔም። ካልሄደ እጅ ማንሳት የለ፤ ምን እናውራ? በዚያ ሁሉ ዓመት ያጠፋነው ጥፋት ቢደመር ይቺን አያህልም።

ጨዋታው ተጀመረ። ጥድፌ ቆመ። እንዴት አድርጎ እንደተከላከለ ላወድሰው ይገባኛል፤ አንድም ሰው አላለፈውም። ግን ማየቱ ደስ አይልም ነበር። ኳስ ይነጥቃል፣ አቅራቢያው ላለው ሰው ይሰጣል፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ይቆማል። መስመሩ ጋ ሲደርስ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ሰው ቤት ያለ ፈቃድ እንደገባ ሰው ይመለሳል። ከኔ ጎል ጀርባ ያሉት ደጋፊዎች ዛሬ አሞታል እንዴ እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። ሰባ አምስት ደቂቃ ዜሮ ለዜሮ ሄድን።

ከዚያ አንድ ኳስ ነጠቀ። ንጹሕ ንጥቂያ፤ አጥቂው መነጠቁን ያወቀው ሁለት እርምጃ ከሄደ በኋላ ነው። ጥድፌ ቀና ሲል ፊቱ ያለው ሜዳ እስከ ማዕዘኑ ድረስ ወለል ብሏል። ተነሳ፣ ግራ እጁም ተነሳ።

እኔ አላሰብኩም። አሥራ አንድ ዓመት ያንን እጅ ሲያዩ የኖሩ እግሮች እኔን አያማክሩም። ሳጥኑን ጥዬ ወጣሁ፤ ወደ መሀል ሜዳው ተቃርቤአለሁ። ያን ጊዜ ጥድፌ ነጩ መስመር ላይ ደረሰና ትዝ አለው። ቆመ። እጁ እንደተነሳ፣ ኳሱ እግሩ ሥር፣ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከኋላው ሲያሳድደው የነበረው ልጅ ኳሷን ከእግሩ ሥር አነሳት፣ ቀና ብሎ እኔን አየኝ፣ ከዚያው ከቆመበት መታት። በራሴ ላይ አለፈች። ዞሬ ሮጥኩ፤ አልደርስባትም፣ ግን ሮጥኩ። ሁለቴ ነጥራ ቀስ ብላ ገባች።

ስታዲየሙ ምን እንዳለኝ አልጽፈውም፤ እናቴን ሳይቀር አነሷት። አሰልጣኙ የውሃ ጠርሙሱን መሬት ላይ ፈጠፈጠና በረኛው አበደ አለ፣ እኔ ጋ ድረስ ተሰማኝ። እጁን ልብ ያለ ሰው አልነበረም። ለሁሉም ሰው፣ አንድ ያረጀ በረኛ ያለ ምንም ምክንያት ጎሉን ጥሎ ወጥቶ ቡድኑን አወረደ፤ ታሪኩ ይኸው ነው።

ኳሷን ከመረቡ ሳወጣ ጥድፌ አጠገቤ ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል።

“እጄን አነሳሁ፣ አይደል?”

“አንስተሃል።”

“በቃ። ከአሁን በኋላ ከጎልህ አትውጣ። ብሄድም አትውጣ።”

ውልህን አስብ አልኩት። ሄዷል።

አሥር ደቂቃ ከትንሽ ቀርቶናል። በዚያች ውስጥ አራት ጊዜ መስመሩን አለፈ፤ አንዴም እጁን አላነሳም። አሰልጣኙ ከዳር ሆኖ በስሙ እየጠራ ይጮሃል፣ እሱ እቴ። ሦስት ጊዜ ሄዶ ሦስት ጊዜ እያነከሰ ተመለሰ። እኔ እንዳለኝ ጎሌ ላይ ቆሜ፣ እግሬ እየተቁነጠነጠ፣ ምናለ ያ ጉልበት ለአምስት ደቂቃ ቢታገስ እያልኩ እለማመን ነበር። በአራተኛው ተከላካዩን በትከሻው ገፍቶ አለፈና ሊወድቅ ሲል አሻማት። ረጅሙ አጥቂያችን፣ ከክረምቱ በፊት ጀምሮ ጎል ያላየው፣ በግንባሩ ይሁን በጆሮው እስካሁን አላወቅንም፣ ነካት። ገባች። አቻ አለቀ፤ ተረፍን።

ጥድፌን በትከሻቸው ተሸክመውት ዞሩ። አሰልጣኙ ሁሉም ታጥቦ ሲወጣ ሁለታችንን ቢሮው ጠራን። ጠረጴዛው ላይ ውሉ ተዘርግቷል፤ እስክሪብቶው ላዩ ላይ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ይሄን ልብ በሉልኝ። ቃልህን አፍርሰሃል፣ ግን ያተረፍከንም አንተ ነህ፤ ዕውር አይደለሁም፣ ፈርም አለው። ከዚያ ወደኔ ዞረ። አንተ ግን ልትቀብረን ነበር፣ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ በረኛ አመጣለሁ፣ አንተ ተቀያሪ ትሆናለህ አለኝ።

እጁን አንስቶ ነው ብል እኔ ነፃ እወጣለሁ፣ እሱ ያለ ውል ይቀራል። እህቴ የለመነችኝን ለመፈጸም ከዚያ የተሻለ ሰዓት አይገኝም ነበር፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። አፌ እምቢ አለኝ። መሬት መሬቱን አየሁ።

ጥድፌ እስክሪብቶውን አንስቶ ነበር፤ መልሶ አስቀመጠው።

“ኮች፣ እሱ አልተሳሳተም” አለ። “እኔ እጄን ሳነሳ እሱ ይወጣል። አሥራ አንድ ዓመት እንደዚህ ነው የሠራነው። ዛሬም እጄን አነሳሁ፣ ወጣ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ቆምኩ።”

አሰልጣኙ ተራ በተራ አየን። ውሸቱን ነው፣ እኔን ሊያድን ነው ልል ስጀምር ጥድፌ በእጁ ዝም አሰኘኝ።

“እንድትቆም ያዘዝኩህ እኔ ነኝ” አለ አሰልጣኙ።

“አዎ። ቆሜም አይተውኛል።”

አሰልጣኙ ውሉን ወደሱ አቀረበ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ እንደ መለመን አድርጎ ጠየቀው።

“በሚቀጥለው ዓመት ቁም ብልህ ትቆማለህ?”

እቆማለሁ ማለት ነው፤ አንድ ቃል ናት። ሰው በቀን ስንት ጊዜ ከዚያ የባሰ ይዋሻል። ዓይን ዓይኑን እያየሁ በልባ፣ በል እንጂ እለው ነበር በልቤ። ጉልበቱን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገ።

“አልችልም” አለ።

ጀብዱ ለመናገር አልነበረም። ድክመቱን እንደሚናገር ሰው ነው ያለው፣ አፍሮ። አሰልጣኙ ወረቀቱን አጠፈና መሳቢያው ውስጥ ከተተው፤ ተነስቶም በሁለት እጁ ጨበጠው። የኔን ቦታ አልነካውም።

እህቴ የስታዲየሙ በር ላይ ቆማለች፣ ልጅቷ እንደ ልማዷ ትከሻዋ ላይ ተኝታለች። ጥድፌ የሆነውን በሁለት ቃል ነገራት። ዓመቱን ሙሉ ይብቃው ብላ ስትለምነኝ የነበረችው ሴት ወደኔ ዞረችና ክንዴን ያዘች፤ ተመለስና አሰልጣኙን ለምነው፣ እቆማለሁ ብሏል በለው አለችኝ። ጥድፌ ሳቅ ብሎ፣ አንቺ ጉልበቴን አልነበር የምትፈልጊው አላት።

“ጉልበትህንማ ፈልጌ ነበር” አለችው እያለቀሰች። “ፊትህ እንዲህ ሲሆን ማየት አልፈለግኩም።”

ልጁን ከትከሻዋ ተቀብሎ ያዘ። ነቅታ አሸነፍን ወይ ስትለው አቻ ነው አላት፤ መልሳ ተኛች። ወደ መኪናው ሲሄዱ እንዳትነቃ እየተጠነቀቀ ያነክስ ነበር።

አሁን ከአባቱ ጋር ይሠራል። በሩን በየዶ ሳይቀዘቅዝ ሊያስረክብ ስለሚቸኩል ከደንበኛ ጋር ይጨቃጨቃል አሉ። ጉልበቱ ግን ተሽሎታል፤ ሐኪሙም እህቴም ደስ ብሏቸዋል።

ለኔ ቡድኑ አዲስ የቀኝ ተከላካይ አመጣልኝ። ጨዋ ነው፤ የተባለው ቦታ ይቆማል፣ አጥቂ አያሳልፍም፣ ጎል ሲገባብኝ በሱ በኩል ገብቶ አያውቅም። ከጎሌ መውጣት ትቻለሁ፤ ጋዜጠኞቹም ደፋር ማለታቸውን ትተዋል። በጨዋታ መሀል ሳላስበው ቀኜን ዞር እላለሁ፤ ሰው ቆሟል። አሥራ አራት ዓመት ያንን ቦታ ባዶ ጥሎብኝ ሲሄድ ስሰድበው ኖሬ፣ ብቻዬን የቀረሁት ሰው የቆመበት ዕለት ነው።